ፌሪ፣ የሰንሰለት ጀልባ ወይስ ድልድይ? ለጅማና ለአካባቢዋ ውሃዎች የመሻገሪያ አመራረጥ

መኪና ደርድሮ ከተማ መሃል ወንዝ የሚያሻግር ዘመናዊ ፌሪ ቪዲዮ ስልክ ላይ በመጣ ቁጥር ጅማ ውስጥ ክርክር ይነሳል። አንዱ «እኛስ ምን ይጎድለናል?» ይላል። ሌላው «አዌቱ ላይ ፌሪ? ከዚህ ዳር እዚያ ዳር እኮ ሰው ይጠራራል» ብሎ ይስቃል።

የሚስቀው ሰው ጅማን አቋርጦ ስለሚያልፈው ጠባብ ወንዝ፣ ስለ አዌቱ፣ ልክ ነው። ነገር ግን በአካባቢያችን ያለው ውሃ አዌቱ ብቻ አይደለም። ወደ ቦንጋ ስትሄዱ ጎጀብ አለ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አሰንዳቦ ላይ ግልገል ጊቤን፣ አበልቲ አጠገብ ደግሞ ታላቁን ጊቤ ትሻገራላችሁ። ከግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ጀርባ የተኛው ሐይቅም አለ። እነዚህ ውሃዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። መሻገሪያቸውም አንድ ሊሆን አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ለወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤት፣ ለማኅበር አመራር፣ ለቡና ነጋዴ፣ ለምህንድስና ተማሪና በአጠቃላይ «የትኛው ያዋጣል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ነው። የየትኛውም ፋብሪካ ዕቃ አይመሰገንበትም። የፋብሪካውን ብሮሹር ሻጩ ራሱ ይዞላችሁ ይመጣል።

መስፈርቱ ይቅደም

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ውይይቱ ከዕቃው ሲጀምር ነው። ፎቶ ይታያል፣ ዋጋ ይጠየቃል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። ማን በስንት ሰዓት እንደሚሻገር ግን የቆጠረ የለም።

*በተጨናነቀው ሰዓት ስንት ተሽከርካሪ አለ?* የቀን አማካይ ቁጥር ያሳስታል። በአማካይ ሲታይ ባዶ የሚመስለው መሻገሪያ በገበያ ቀን ጠዋት ይታነቃል። በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የቡና ወቅት ነው። የታጠበ ቡና የሚያዘጋጅ ሰው እሸቱን በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ካደረ ይቦካል፣ ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ማታ ውሃ ዳር ተራ ሲጠብቅ የቆየ አይሱዙ የሚከስረው ናፍጣና ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የጫነው ቡና ራሱ ዋጋ እያጣ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። 20 አውቶሞቢል የሚይዝ ፌሪ እንውሰድ። ውሃው 600 ሜትር ይስፋ። ፌሪው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሄደ ለመሻገር አራት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ማውረድና መጫን ስምንት ደቂቃ ይፍጅ። አንድ ጉዞ 12፣ ደርሶ መልስ 24 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። በሰዓት ሁለት ተኩል ምልልስ ይወጣዋል፤ በአንድ አቅጣጫ 50 አውቶሞቢል ያሻግራል። ነገር ግን አንድ የተጫነ ሲኖትራክ ቢያንስ የሦስት አውቶሞቢል ቦታ ይይዛል። ሦስት ሲኖትራክ ከገባ ለትንንሾቹ የሚቀረው 11 ቦታ ነው። ቅጥቅጥና አባዱላ ሲጨመርበት ደግሞ ያውም አይቀርም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከ12 ደቂቃው ውስጥ ውሃው የወሰደው አራቱን ብቻ ነው። የቀረው መጫንና ማውረድ ነው። ስለዚህ ፈጣን ሞተር ለመግዛት ገንዘብ መጨመር እምብዛም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ሰፊ መወጣጫ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያስወጣ በር፣ ትኬት ከመሳፈሪያው ራቅ ብሎ መቁረጥና ጎበዝ ተራ አስከባሪ ነው። ይህን ደግሞ በብሮሹር ላይ አታገኙትም።

*ውሃው ምን ያህል ይወርዳል፣ ይወጣል?* ግልገል ጊቤ አንድ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ሐይቁ የተጠራቀመው ለመብራት ነው። ክረምት ይሞላል፤ በጋ ተርባይኑ ይጠቀምበታል፣ ዳርቻውም ይሸሻል። በመስከረም ከውሃው ጋር የተገናኘ መወጣጫ በግንቦት ጭቃ ላይ ሊቀር ይችላል። ከተራቆተው ኮረብታ የሚመጣው ደለልም አለ። ዛሬ ጀልባ የሚያስጠጋ ዳር ከዓመታት በኋላ ላያስጠጋ ይችላል። ጎጀብና ታላቁ ጊቤ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። በክረምት ይሞላሉ፣ ይፈጥናሉ፣ ግንድ ይዘው ይወርዳሉ።

*ሌሊትስ?* ከገጠር ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የምትላክ ምጥ የያዛት እናት ፌሪው ሥራ እስኪጀምር አትጠብቅም። ድልድይ ሌሊትም ድልድይ ነው። ፌሪ ግን ሌሊት እንዲሠራ ካፒቴን፣ መካኒክ፣ የመርከብ ሠራተኛና ጥበቃ በፈረቃ ማደር አለባቸው። ደሞዛቸው ከመጀመሪያው ካልታሰበ «24 ሰዓት» የሚለው ጽሑፍ ታፔላ ላይ ብቻ ይቀራል።

*የአሥር ዓመቱ ወጪ ስንት ነው?* ድልድይ ገንዘቡን የሚበላው ሲሠራ ነው። ፌሪ ደግሞ በየወሩ ይበላል። ናፍጣ፣ ደሞዝ፣ መለዋወጫ፣ መድን፣ ቀለም፣ በየጥቂት ዓመቱ ከውሃ አውጥቶ መመርመር። መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄም አለ። የግዢ ዋጋውን ብቻ አወዳድሮ «ፌሪ ይረክሳል» የሚል ሰው ሒሳቡን ገና አልጨረሰም።

*እዚህ ድረስ በምን ይመጣል?* በውጭ አገር የባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ፋብሪካ ወጥቶ በራሱ እየቀዘፈ ጅማ የሚደርስ ፌሪ የለም። ለጣና ሐይቅ የተገዛችው ጀልባ ጣናነሽ ሁለት በ2017 ዓ.ም ከጅቡቲ ባሕር ዳር የገባችው በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና ነው። በየኩርባው፣ በየድልድዩና በየኤሌክትሪክ ሽቦው ስር ሲያሳልፏት አገር በቪዲዮ ተከታትሎታል። ወደ እኛ ከተመጣ ደግሞ የጊቤ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። ስለዚህ በኮንቴይነር መጠን ተቆራርጦ መጥቶ ዳር ላይ የሚገጣጠም ተንሳፋፊ አካል ያለው ፌሪ ከአንድ ወጥ መርከብ ይልቅ ለእኛ ይመቻል። ይህ አንድ መስፈርት ብቻውን ግማሹን ዕጩ ከዝርዝሩ ያወጣዋል።

ቋሚ ድልድይ

ውሃው ጠባብ ከሆነ ክርክር አያስፈልግም። አዌቱ ከተማውን አቋርጦ ያልፋል። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ከፍ ያለ፣ ጎርፍ የማይደፍነው፣ የእግረኛ መንገድ ያለውና ባጃጅ የሚያስተላልፍ ድልድይ ነው። የአዌቱ ችግር ቆሻሻና ጎርፍ እንጂ ስፋት አይደለም። ፌሪ አይመለከተውም።

ውሃው ሲሰፋ ነገሩ ይለወጣል። በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። የፌዴራል በጀትና ዓመታት የወሰደ ሥራ ነው። ዛምቢያንና ቦትስዋናን የሚያገናኘው የካዙንጉላ ድልድይ 923 ሜትር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ተከፍቷል። ከዚያ በፊት እዚያ የሚሠራው ፌሪ ነበር፤ የጭነት መኪኖች ተራ እስኪደርሳቸው ቀናት ይቆሙ ነበር። ሁለት አገር የሚያገናኝ የከባድ መኪና መስመር ላይ ፌሪ ሁልጊዜ ማነቆ ይሆናል። ካዙንጉላ ላይ ድልድዩ ተገቢ ነበር። በቀን ጥቂት ደርዘን መኪና ለሚሻገርበት የገጠር ሐይቅ ግን ያንን ያህል ገንዘብ የሚሰጥ አካል ማግኘት ከባድ ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ዳሬሰላም ውስጥ 680 ሜትር የሚሆነው የኪጋምቦኒ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2016 ተከፈተ። ፌሪው ግን አልቆመም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድልድዩ የተሠራው ከመሃል ከተማው ራቅ ብሎ ነው። ፌሪው ሰውን የሚያወርደው መሃል ከተማው ላይ ነው። እግረኛ ለድልድይ ብሎ ኪሎ ሜትሮች አይዞርም። ድልድይ ሲታቀድ ባለመኪናውን ብቻ አይተው የሚወስኑ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

ተገጣጣሚ የብረት ድልድይ

ቤይሊ የምንለው ነው። እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነደፈው። አንዱ ቋሚ ክፍሉ ሦስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 260 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስድስት ሰው ይሸከመዋል። ያለ ክሬን መግጠም ይቻላል። ጎርፍ ድልድይ ሲበላ በጥቂት ቀናት መንገድ የሚከፍተው ይህ ነው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። መሃል ላይ ምሰሶ ካልተሠራለት ከ60 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ብዙውን ጊዜም አንድ መስመር ብቻ ነው። ሌላው የሹፌር ጠባይ ነው። «ከ20 ቶን በላይ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ አጠገብ 35 ቶን ጭኖ የሚያልፍ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጊዜያዊ ተብሎ ተተክሎ ዓመታት የሚቆየው ቤይሊ የሚጎዳው በዚህ ነው። ለጎጀብና ለጊቤ ዓይነት ወንዝ ግን ከዋናው ድልድይ ሌላ መጠባበቂያ ይሁን ከተባለ የእኔ ምርጫ ፌሪ ሳይሆን ቤይሊ ነው። ፈጣን ውሃና ተንሳፋፊ ግንድ ባለበት ፌሪ ማሠማራት ራስን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ዘመናዊ የናፍጣ ወይም ድቅል ፌሪ

አሁን ወደ ቪዲዮው ኮከብ እንምጣ። የከተማ ፌሪ ፊትና ኋላ የለውም። ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ነው። መኪናው በአንዱ በር ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ጀልባው አይዞርም፣ መኪናውም ወደ ኋላ አይነዳም። ከታች ያለው መግፊያ ወደፈለገው አቅጣጫ ዞሮ ስለሚገፋ መሪ ብቻ ካለው ጀልባ ይልቅ ዳር ላይ በቀላሉ ይጠጋል።

የለንደኑ የዉሊች ፌሪ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ በነጻ ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት አዳዲስ ድቅል ፌሪዎች ገቡ፤ ናፍጣ ያመነጨውን ኤሌክትሪክ ከባትሪ ጋር ያቀላቅላሉ። ይሁንና አዲስ የተተከለው ራሱ አስጠግቶ የሚይዝ መሣሪያ በጀመረ ሰሞን አስቸገረ፣ አገልግሎቱ በተደጋጋሚ ተቋረጠ። ኋላ ደግሞ የሠራተኞች አድማ ተጨመረበት። ለንደን ያስቸገረ መሣሪያ እኛ ሐይቅ ዳር ላይ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? እኔ ብሆን ያንን መሣሪያ ትቼ በገመድና በጠንካራ ማሰሪያ እሠራለሁ። ወደ ናፍጣው እንመለስ፤ ብዙ ፌሪዎች ሲጭኑና ሲያወርዱ እንዳይንሸራተቱ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ወደ መወጣጫው ይገፋሉ። በዚያ ጊዜ የሚቃጠለው ነዳጅ ቀላል አይደለም።

ግምቱ ይህን ይመስላል። ለላይኛው 20 መኪና ፌሪ በአማካይ 150 ኪሎ ዋት ለአራት ደቂቃ ብንሰጠው 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በቀን 40 ጉዞ 400 ነው። ለመግፋቱና ለመብራቱ ጨምረን 500 እንበለው። በናፍጣ ሲመነዘር ወደ 125 ሊትር ይጠጋል። ነዳጅ በቀጠነ ሳምንት የከተማ ማደያ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ፌሪው የራሱ የነዳጅ ክምችት ከሌለው እሱም ሰልፍ ይይዛል።

ፌሪ ከምንም በላይ የሚያገለግለው እግረኛን ነው። በኬንያዋ ሞምባሳ፣ ሊኮኒ ላይ ሰርጡ 500 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሻገራል፤ እግረኛ አይከፍልም። ባዶ እጁን የሚሄድ፣ ሸክም ያለው፣ ጋሪ የሚገፋ አብሮ ይሳፈራል። የጥሩ ፌሪ ዲዛይን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እግረኛው ከመኪናው የተለየ መግቢያና መቆሚያ ከሌለው አደጋ አይቀርም።

አደጋውን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይገባም። ሞምባሳ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1994 በምቶንግዌ ፌሪ አደጋ 272 ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኤምቪ ኔሬሬ ተገልብጣ ከ220 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የመያዝ አቅሟ 101 ነበር። የሁለቱም ታሪክ ከመጠን በላይ ጭነት ነው። «አንድ ሰው ቢጨመር ምን አለበት» የምንለው ለሚኒባስ የለመድነው ነገር ውሃ ላይ ይገድላል። መኪና የጫነ ጀልባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንድ ጎን ከከበደ ወይም ውሃ ወለሉ ላይ ከገባ ጭነቱና ውሃው ወደ ዘመመው ጎን ይሄዳሉ፣ ዝንባሌውም ይብሳል። ስለዚህ ታኮ በየጎማው፣ የእጅ ፍሬን የተያዘ፣ ሰው ከመኪና የወረደ፣ በሩ ተዘግቶ የተቆለፈ መሆን አለበት። ቆጥሮ አስገብቶ «ሞልቷል» የሚል፣ ባለሥልጣን ቢመጣም የማይበገር ሰው ከሞተሩ እኩል ያስፈልጋል።

የሰንሰለት ፌሪ

ከአማራጮቹ ሁሉ ሰው የሚንቀው ይህኛውን ነው። እኔ ግን ለእኛ ሐይቅ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰንሰለት ወይም የብረት ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፣ ከውሃው ስር ይተኛል። ፌሪው ላይ ያለ ሞተር ያንን ሰንሰለት እየያዘ ራሱን ይስባል። መሪ የለውም። ነፋስ ከመስመሩ አያስወጣውም። ጉልበት ያለው ሞተር አይፈልግም፣ ሠራተኛውም ያንሳል። ጭጋግ ቢኖርም መንገዱን አይስትም።

ጥንታዊ ነገር እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ፕሊመዝን ከቶርፖይንት የሚያገናኙት ሦስቱ ፌሪዎች በሰንሰለት ይሄዳሉ። እያንዳንዳቸው 73 መኪና ይይዛሉ። ሌሊትና ቀን ይሠራሉ። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ውሃው ሜትሮች ይወጣል፣ ይወርዳል፤ እነሱም አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። በዚያው ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተ ትልቅ የመኪና ድልድይ አለ። ፌሪዎቹ ግን አልተሰናበቱም።

ጉድለት አለው። ሰንሰለቱ ያልቃል፣ በየጊዜው ይቀየራል። ሌላ ጀልባ በብዛት የሚተላለፍበት ውሃ ላይ መንገድ ይዘጋል። በጣም ሰፊ ውሃ ላይ አይሆንም፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ቢሆን ይመረጣል። ደለል በበዛበት ሰንሰለቱ ሊቀበር ይችላል። በክረምት ግንድ የሚያወርድ ፈጣን ወንዝ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይታሰብም። ባዝል ከተማ ራይን ላይ ያለ ሞተር በወንዙ ግፊት ብቻ፣ ከላይ በተዘረጋ ገመድ የሚሻገሩ ጀልባዎች አሉ። ያማሩ ናቸው። የሚይዙት ግን ሰው ብቻ ነው፣ ራይንም እንደ ጎጀብ ግንድ አያግተለትልም።

የባትሪ ፌሪ

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2015 አምፔር የተባለውን ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚሠራ የመኪና ፌሪ አሠማራች። 120 መኪናና 360 ሰው ይይዛል። 5.7 ኪሎ ሜትር በ20 ደቂቃ ያቋርጣል። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው መጠኑ አይደለም። የመንደሮቹ የኤሌክትሪክ መስመር ደካማ ስለነበር በሁለቱም ዳር የምድር ባትሪ ተተክሏል። ያ ባትሪ ከመስመሩ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ፌሪው ሲመጣ በፍጥነት ይሰጠዋል።

እኛም ጋ እንዲሁ ማሰብ ይቻላል። ቀደም ብለን ያሰላነው 500 ኪሎ ዋት ሰዓት ሌሊት በ10 ሰዓት ይሞላ ቢባል 50 ኪሎ ዋት ይበቃል። ሁለት ሦስት ወፍጮ ቤት የሚወስደውን ያህል ማለት ነው። ናፍጣ ከመግዛት ይረክሳል፣ ከውጭ የሚገባ ነዳጅም አይፈልግም። ግድቡ አፍንጫ ስር ነው። መብራት ግን ግድብ አጠገብም ይጠፋል! ሌሊት ከጠፋ ጠዋት ፌሪ የለም። ስለዚህ የመጠባበቂያ ጄኔሬተር የሌለው የባትሪ ፌሪ አትግዙ። ባትሪው ሲያልቅ የሚቀየርበት ገንዘብም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይቀመጥ። እኔ የሚታየኝ የተሻለው መንገድ ባትሪውን ከሰንሰለት ፌሪ ጋር ማጣመር ነው። የሰንሰለት ፌሪ የሚፈልገው ጉልበት ትንሽ ስለሆነ ባትሪውም ያንሳል።

በአጭሩ ሲታይ

| መስፈርት | ቋሚ ድልድይ | ቤይሊ | ናፍጣ ወይም ድቅል ፌሪ | የሰንሰለት ፌሪ | የባትሪ ፌሪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመነሻ ወጪ | በጣም ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | መካከለኛ | ከፍተኛ |
| የወር ወጪ | ትንሽ | ትንሽ | ከፍተኛ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ከባድ መኪና | ይችላል | በገደብ | በገደብ | በገደብ | በገደብ |
| ሌሊት | ሁልጊዜ | ሁልጊዜ | በፈረቃ ሠራተኛ | በፈረቃ፣ በጥቂት ሰው | ባትሪው ካለ |
| ሰፊ ረጋ ያለ ውሃ | ውድ | አይሆንም | ይሆናል | እስከ 1 ኪ.ሜ ገደማ | ይሆናል |
| ፈጣን የክረምት ወንዝ | ምርጥ | ጥሩ | አደገኛ | አይሆንም | አደገኛ |
| ወደ ጅማ ማጓጓዝ | እዚሁ ይሠራል | ቀላል | ተገጣጣሚ ከሆነ | ተገጣጣሚ ከሆነ | ተገጣጣሚ ከሆነ |

ለማን የትኛው?

ከተማ ውስጥ ላለው አዌቱ ድልድይ፤ ሌላ ነገር አትጨምሩ። ያለው ድልድይ ከጠበበ ይስፋ፣ እግረኛው ለብቻው መንገድ ይሰጠው።

ለጎጀብና ለጊቤ ቋሚው ድልድይ ይጠበቅ። ክብደት ይቆጣጠሩ፣ መሠረቱን ክረምት ባለፈ ቁጥር ይመርምሩ፣ ቅርብ ቦታ የቤይሊ ክፍሎች ይቀመጡ። ይህ ከአንድ ፌሪ ዋጋ ያነሰ ገንዘብ ነው፣ ጥቅሙ ግን ይበልጣል።

በሐይቁ ዳርና ዳር ላሉ ቀበሌዎች በጀቱ ትንሽ ከሆነ፣ የሚሻገረውም ባብዛኛው እግረኛ፣ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ከሆነ በትንሽ ጀምሩ። ከ6 እስከ 8 መኪና የሚይዝ ተገጣጣሚ የሰንሰለት ፌሪ ይበቃል። መወጣጫው ግን ተንሳፋፊ ይሁን። ውሃው ሲሸሽ አብሮ የሚሸሽ፣ በጭቃው ላይ ጠጠር የተነጠፈበት መንገድ የሚከተለው መሆን አለበት። በጀቱ ከጠበበ የጀልባውን ቀለምና ወንበር ቀንሱ እንጂ መወጣጫውን አትቀንሱ።

የሚሻገረው ጎማ ያለው ሁሉ ከሆነ፣ የቡና አይሱዙም ከተጨመረ፣ ሁለት ትናንሽ ፌሪ ከአንድ ትልቅ ይሻላል። አንዱ ሲበላሽ ሌላው ይሠራል። አንድ ትልቅ ፌሪ ገዝቶ የተበላሸበት ቀበሌ ፌሪ ከሌለው ቀበሌ ይብሳል፤ ነጋዴው መንገዱን አስተካክሎበት ነበርና።

ከባድ ተሳቢ በብዛት የሚያልፍበት የንግድ መስመር ከሆነ ፌሪ አትግዙ። ድልድዩ እስኪሠራ ረጅሙን መንገድ ጠግኑ።

እንግዲህ ሻጩ ፊታችሁ ሲቀመጥ እነዚህን ጠይቁት። ፌሪው ሙሉ በሙሉ ተጭኖ ውሃ ውስጥ ስንት ይሰምጣል? በግንቦት ያለው የውሃ ጥልቀት ይበቃዋል? አንድ የተጫነ ሲኖትራክ በአንዱ ጫፍ ብቻ ሲገባ ምን ያህል ያዘነብላል? ይህን በወረቀት ሳይሆን በሙከራ ያሳያችሁ። ሞተሩ ከተበላሸ መለዋወጫው አገር ውስጥ ባሉ የከባድ መኪና ጋራዦች ይገኛል? የመርከብ ብቻ የሆነ ሞተር ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ተዉት። ጀልባውን ከውሃ የሚያወጣው ተዳፋት በውሉ ውስጥ አለ? ካፒቴኖቹን የሚያሠለጥነው ማነው፣ ለስንት ወር? የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ምርመራና ፈቃድስ በማን ወጪ ይሆናል?

በመጨረሻ የክፍያውን ጉዳይ ከወዲሁ ጻፉ። እግረኛ በነጻ ይሻገር ብትሉ እኔ እደግፋለሁ። ከሆነ ግን የእግረኛውን ወጪ የሚሸፍነው ወረዳው ነው ወይስ ከመኪና የሚሰበሰበው? መልሱ በውሉ ላይ ካልሰፈረ ትኬት ቆራጩ በየጠዋቱ መወጣጫው ላይ ይጣላበታል።